በትርፍ ወንበር ወደ ቁልቢ

አየር መንገድ ስቀጠር ሰፈሩ በሙሉ አስተናጋጅ የሆንኩ መስሎት ነበር። እናቴም ለማስተካከል አልቸኮለችም። እውነቱን ለመናገር ግን የእኔ ሥራ ሃንጋር ውስጥ የአውሮፕላን መቀመጫ መጠገን ነው። አልቆለፍ ያለ ቀበቶ፣ ወደ ኋላ ተንጋሎ መመለስ እምቢ ያለ ወንበር፣ አንዱ ሕፃን ማስቲካ የለጠፈበት የምግብ ጠረጴዛ፣ ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል። ከወንበር ሥር ያላገኘሁት ነገር የለም። አንድ ጊዜማ ሙሉ የላይኛው ረድፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝቻለሁ። ሰውዬው ሲወርድ አስተናጋጆቹን እንዴት አድርጎ ፈገግ እንዳለላቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም የቤተሰብ ትኬት ነው። እናትና አባትሽን በነጻ ማለት ይቻላል ታበሪያለሽ። ሰው ይሄን ሲሰማ "ታድለሽ!" ይልና ቀጥሎ ያለውን ቃል ሳይሰማ ይሄዳል። ቀጥሎ ያለው ቃል ስታንድባይ ነው። ስታንድባይ ማለት ትኬት አለሽ፣ ወንበር ግን የለሽም ማለት ነው። የከፈለው ሁሉ ገብቶ፣ ዘግይቶ የመጣው ሁሉ እያለከለከ ገብቶ፣ ከዚያ በኋላ ወንበር ከተረፈ ትሄጃለሽ። ካልተረፈ ሻንጣሽን እየጎተትሽ ወደ ቤትሽ። የመገናኛ ሚኒባስ እንኳን ይሻላል፤ እዚያ ትርፍ ብትሆኚም ቢያንስ ዱካ ላይ ያስቀምጡሻል።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ተመርቄ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ቤት ስቀመጥ እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላ ነበር፤ "ልጄን ሥራ ካስያዝክልኝ ዣንጥላ ይዤ እመጣለሁ" ብላ። ሥራው ተገኘ። እሷም "ዘንድሮ እሄዳለሁ" አለች። በሚቀጥለውም ዓመት "ዘንድሮ" አለች። እንዲህ እያለች አምስት ዓመት ሞላ። ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ፊቷ ተለዋውጦ ከመኝታ ቤት ወጣች።

"ገብርኤል በሕልሜ መጣ" አለች።

"ምን አለሽ?"

"ምንም አላለኝም። ዝም ብሎ አየኝ።"

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። በዚያው ሳምንት ሄዳ ዣንጥላውን ገዛች። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንዠረገገበት፣ እጀታው ከእኔ ቁመት የሚበልጥ። ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ሲታይ እንግዳ የመጣብን ይመስል ነበር።

አባቴ ወዲያው ወሰነ። "በአውሮፕላን ነው የምንሄደው" አለ። "ልጅ ያሳደግኩት ለምንድን ነው?"

"አባዬ፣ በታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን የድሬዳዋ አውሮፕላን ይሞላል። ለስታንድባይ ከዚህ የባሰ ጊዜ የለም።"

"አንቺ የውስጥ ሰው አይደለሽም እንዴ?"

አባቴ በቀበሌ ዘመን ጀምሮ በወረዳ ዘመን ጡረታ የወጣ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመታወቂያ ማኅተም ይዞ የኖረ ሰው ነው። ለእሱ የውስጥ ሰው ማለት ማኅተሙን የያዘ ማለት ነው። እኔ የያዝኩት ጠመንጃ መፍቻ መሆኑን ደጋግሜ ብነግረውም አልገባውም።

በዓሉ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ነው። እኔም ፈቃድ ወስጄ፣ ሦስታችን በአሥራ ስድስት ልንነሳ ተዘጋጀን። የዚያን ቀን ጠዋት የየካ ዳገት ላይ ያለው ሰፈራችን ሠርግ የሚሸኝ ይመስል ነበር። አንዷ ጠበል አምጪልኝ ትላለች፣ አንዷ ሻማ አብሪልኝ ትላለች፣ አንደኛዋ የልጇን ፎቶ በእናቴ ቦርሳ ውስጥ ትከታለች። ከአጥራችን ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ጴንጤ ናት። እሷ ደግሞ ዣንጥላውን ከላይ እስከ ታች አየችና፣ "እኔ እንኳን በዚህ አላምንም፤ ግን ለድሬዳዋ ፀሐይ አይከፋም" ብላ በራሷ መኪና እስከ ቦሌ አደረሰችን። እጀታው በመስኮት ወጥቶ፣ አባቴ ሙሉ ልብስና ክራቫት አድርጎ፣ ሰው የታቦት አጃቢ መስለነው እየተሳለመን ወረድን።

መኪናው ውስጥ ሕጉን ነገርኳቸው። "አትከራከሩ። ስንት ሰዓት ነው፣ መቼ ነው እያላችሁ አትጠይቁ። ከፍሎ የሚሄድ ሰው አጠገብ 'የእኛ እኮ ነጻ ነው' እንዳትሉ። ስም እስኪጠራ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።"

"መተንፈስስ ይፈቀዳል?" አለ አባቴ።

ፍተሻው ላይ ጥበቃው ዣንጥላውን አየና "ይሄ ይከፈት" አለ። አባቴ ከፈተው። ያ ሁሉ ከፋይና ዘርፍ በተርሚናሉ መሐል ቦግ ሲል አንዲት ሴትዮ ከሰልፉ ውስጥ እልል አለች። ሌሎቹ ተቀበሏት። ጥበቃው መፈተሹን ትቶ አማተበ። አባቴ እንደ ሊቀ ካህናት ቀና ብሎ ቆመ፤ እኔ የሥራ ባልደረቦቼ እንዳያዩኝ ከሻንጣ ማሽኑ ኋላ ተደበቅኩ።

ክብሩ ግን እስከ ስታንድባይ መስኮት ድረስ ብቻ ነበር። መስኮቱ ላይ ትሑት የሆነ ወጣት ተቀምጧል። ወረቀታችንን ተቀበለ፣ ኮምፒዩተሩን አየ፣ "ተቀመጡ፣ እንጠራችኋለን" አለን። የመጀመሪያው በረራ ሞልቶ ሄደ። ሁለተኛው ሞልቶ ሄደ። በየበረራው ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው እንደ ጎርፍ ገብቶ ያልቃል፤ እኛ ከዣንጥላው ጋር እንቀራለን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣቱ ከመስኮቱ ወጥቶ አጠገባችን መጣ።

"አባባ፣ የዛሬው ሞልቷል። ነገ ይሞክሩ።"

"ነገ ማለት?" አለ አባቴ። "ነገ ስንት ሰዓት? ማንን ነው የማናግረው?"

"ነገ ጠዋት ይምጡና እናያለን።"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። "ነገ ይምጡና እናያለን" እኮ የአባቴ ንብረት ናት። ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበላባት ቃል ናት። ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ሲሰማት አላወቃትም።

አሥር ሰዓት ላይ ሰፈር ተመለስን። ጠዋት ስመውን ያለቀሱት ሴቶች ገና ከደጃፋቸው አልገቡም ነበር። ጴንጤዋ ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ "ገብርኤል ነው የመለሳችሁ ወይስ ፓይለቱ?" አለች። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ገባች።

በማግስቱ ማንም ሳያየን በጓሮ በኩል ወጥተን በእግራችን ወደ ዋናው መንገድ ወረድን። ከእንጦጦ የሚወርደው የታኅሣሥ ንፋስ ዣንጥላውን ከአባቴ እጅ ሊነጥቀው ይታገላል፤ እሱ በክራቫቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ይታገለዋል። ሚኒባስ ውስጥ ዣንጥላውን በሦስታችን ጭን ላይ አጋደምነው። ከኋላ ያሉት ሴቶች ዘርፉን እየሳቡ ይሳለሙታል፤ ከፊት ያለው ሰውዬ እጀታው ማጅራቱን ስለወጋው በሌላ ቋንቋ ይጸልያል። ያን ቀንም እስከ ማታ ተቀምጠን "ነገ" ተብለን ተመለስን። የስታንድባይ ስም ዝርዝር የሚደረደረው በሠራተኛው ማዕረግና በአገልግሎት ዘመን ነው፤ የመቀመጫ ጠጋኝ ወላጆች ደግሞ ከታች ሆነው ነው ዓለምን የሚያዩት።

በሦስተኛው ቀን፣ በዋዜማው ማለት ነው፣ እናቴ አጠገብ አንዲት ደርባባ ሴትዮ መጥተው ተቀመጡ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ልብስ፣ ወፍራም የወርቅ መስቀል፣ ዕድሜያቸው ሰባን የሚነካ። እሳቸውም ስታንድባይ ናቸው፤ ልጃቸው አብራሪ ነው። ከእናቴ ጋር በአምስት ደቂቃ ውስጥ የጉልበት ሕመም ተወያይተው፣ የሴትዮዋን ምራት አምተው፣ ቆሎ ተካፍለው ጨረሱ። ከዚያ ቀና ሲሉ አባቴን አዩት። አተኩረው አዩት።

"እርስዎ የመታወቂያው ሰውዬ አይደሉም?"

አባቴ ደስ አለው። የሚያውቀው ሰው ተገኘ፣ ያውም የአብራሪ እናት። "ነኝ እንጂ! ያውቁኛል?"

"አለማወቅማ! ለልጄ መታወቂያ ለማውጣት አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሼብዎት!"

አባቴ ፈገግታውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

"በአሥራ አንደኛው ቀን ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? 'ፎቶው ላይ ጆሮው በደንብ አይታይም' አሉኝ። ልጁን ይዤ መጥቻለሁ እኮ! አጠገቤ ቆሟል! 'ይኸው ጆሮው' ብዬ ብይዝልዎት 'ፎቶው ላይ ነው መታየት ያለበት' አሉኝ።"

"መመሪያው እንደዚያ ነበር" አለ አባቴ በቀጭን ድምፅ።

"ያ ልጅ ዛሬ ካፒቴን ነው። ሁለቱም ጆሮዎቹ አሉት።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያዘነች መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው። እኔ ለአባቴ ላዝንለት ሞከርኩ፤ አልተሳካልኝም። ልጅ ሆኜ ምሳ ላደርስለት ቢሮው ስሄድ በኮሪደሩ ላይ ተደርድረው የሚጠብቁትን ሰዎች አስታወስኩ። አባቴ ከማንም አንዲት ነገር ተቀብሎ አያውቅም፤ በዚህ እምልለታለሁ። ማር ይዞ ቤታችን የመጣን ሰውዬ ከነማሩ እስከ ዋናው መንገድ አባሮታል። ይሄው ነው ነገሩን የባሰ የሚያደርገው። ሰውን የሚያመላልሰው ለጥቅም አልነበረም፤ መጠበቅ ለሰው የሚጠቅም ስለሚመስለው ነበር።

ይህን እያሰብኩ ወጣቱ ከመስኮቱ ጮኸ። ሁለት ወንበር ተገኝቷል! አንዱ ለአብራሪው እናት። ሁለተኛው ደግሞ ቀጥሎ ላለው ስም፣ ማለትም ለእኛ፤ ግን ከሦስታችን ለአንዱ ብቻ። በሩ ሊዘጋ ነው።

አባቴ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ እኛ ባልና ሚስት ነን፤ ሠላሳ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር ተለያይተን..." ብሎ ጀመረ። ንግግሩ ረጅም ሊሆን እንደሆነ ከአጀማመሩ ያስታውቃል። እናቴ ግን መስኮቱ ጋ ደርሳ የመሳፈሪያ ወረቀቷን ተቀብላለች።

"እማዬ!" አልኳት።

ዘወር አለች። እኔን አላየችኝም፤ አባቴን ነው ያየችው። "አንተ ነገ ና!" አለችው። ከዚያ ከሴትዮዋ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ስለጉልበታቸው ያወሩትን ሁሉ ረስተው፣ እንደ ኮረዳ ሮጡ።

አባቴና እኔ ቆመን ቀረን። በሩ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ አባቴ ቀስ ብሎ እጁን አየ።

"ዣንጥላው" አለ።

ዣንጥላው እሱ እጅ ላይ ነበር። ስለቷን ልታደርስ የሄደችው እናቴ የያዘችው ቦርሳዋንና የጎረቤት ልጅ ፎቶ ነው። ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ ዘግታዋለች። ሕግ አክባሪ ናት።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ዣንጥላውን ለብቻው ጭኑ ላይ አጋደመ። ላምበረት አካባቢ ስንደርስ በመስኮት እያየ፣ "እውነት አሥራ አንድ ጊዜ ይመስልሻል?" አለኝ።

"እኔ ምን አውቄ።"

ክራቫቱን አስተካከለ። "ቢበዛ ዘጠኝ ነው" አለ።

ቤት ስንደርስ ጴንጤዋ ጎረቤታችን የጾም ሽሮ ሠርታ አመጣችልን፤ እኛ በርበሬው የት እንዳለ እንኳን አላወቅንም ነበር። ዣንጥላውን ቦታው ላይ ስታየው ደነገጠች። "ታዲያ እናትሽ ምን ይዛ ሄደች?"

"ራሷን።"

"እሱ ይበቃል እኮ" አለች። አባቴ ሊመልስላት የከፈተውን አፍ በጉርሻ ዘጋው። ሽሮዋ ጥሩ ነበር።

በአሥራ ዘጠኝ ጠዋት፣ በበዓሉ ቀን፣ ክራቫቱን አስሮ እንደገና ወረደ። እኔም ሸኘሁት፤ የእኔ ፈቃድ ስላለቀ እሱ ከተሳፈረ ወደ ሃንጋር ልገባ። ተርሚናሉ ጭር ብሏል። ለካስ ሂያጁ ሁሉ በዋዜማው ሄዶ አልቋል። ያው ወጣት መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ሲያየን ፊቱ በራ።

"አባባ፣ ዛሬስ ቀናዎት! ባዶ ነው። ከፊት ሰፊው ወንበር ላይ ላስቀምጥዎት?"

አባቴ የመሳፈሪያ ወረቀቱን ተቀበለ፤ ግን አልሄደም። መስኮቱ ላይ ተደግፎ ቆመ። ሊጨቃጨቅ ነው ብዬ ፈራሁ።

"ልጄ" አለው፤ "ሁለት ቀን ሙሉ 'ነገ' አልከኝ። ሁለቱንም ቀን ግን ከወንበርህ ተነስተህ፣ አጠገቤ መጥተህ ነው ያልከኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሥራዬ ላይ አንድ ቀን ተነስቼ አላውቅም። እግዚአብሔር ይስጥህ።"

ወጣቱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ "ምንም አይደል አባባ፣ መልካም በረራ" አለ። እኔ ቶሎ ብዬ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። ከአባቴ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እስካሁንም አልደገመውም።

የቀረውን የነገሩኝ አባቴና እናቴ ናቸው። ዣንጥላው የዕቃ ሳጥኑ ውስጥ አልገባ ስላለ አስተናጋጇ ከአባቴ ጎን ባዶው ወንበር ላይ አስቀምጣ ቀበቶ አሰረችለት። ለሦስት ቀን ለሦስት ሰው ወንበር ጠፍቶ፣ ዣንጥላ ለብቻው ከፊት ተንደላቆ ድሬዳዋ ገባ።

አባቴ ቁልቢ ሲደርስ ቀትር ሆኗል። ከሰው ብዛት ስልክ አይሠራም። በዚያ ሁሉ ነጭ ልብስ መሐል ነጭ የለበሰች ሚስት መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ገመቱት። ተስፋ ቆርጦ ዣንጥላውን ስለት መቀበያው ዘንድ ወሰደና በእናቴ የክርስትና ስም አስመዘገበ። በድምፅ ማጉያው ስሟ ተጠራ፤ "አንድ ዣንጥላ" ተባለ።

እናቴ ይሄኔ ዛፍ ሥር ከአብራሪው እናት ጋር ተቀምጣለች። ያለ ዣንጥላ መምጣቷ ስላሳፈራት ጠዋት እዚያው ከሻጮቹ አንድ ሌላ ገዝታ አስገብታለች፤ ስሟም አንድ ጊዜ ተጠርቷል። እንደገና ሲጠራ ግራ ገባት። "ተሳስተዋል፣ ሁለት ጊዜ ጻፉኝ!" ብላ ልታስተካክል ሄደች። ለመልአኩም ቢሆን ያልሰጠችውን ሰጠሁ ማለት አትወድም። ስትደርስ አባቴ በክራቫት፣ በላብ ተነክሮ፣ ደረሰኙን ይዞ ቆሟል።

"ምን ልትሠራ መጣህ?" አለችው።

"ነገ ና ብለሽኝ ነዋ።"

ሁለተኛው ዣንጥላ ለአምስት ዓመቱ መዘግየት መቀጫ ይሁን ተባብለው ተስማሙ። የአብራሪው እናት ለአባቴ ቆሎ ዘግነው ሰጡት። እሱም ተቀብሎ፣ "ያኔ አጥፍቻለሁ" አላቸው። "በሉ ይብሉ" አሉት። የጆሮው ነገር በዚሁ ተዘጋ።

የመመለሻው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ መመለስ ስለሚፈልግ የድሬዳዋ ስታንድባይ ከቦሌው ይብሳል። የአብራሪው እናት በማግስቱ ሄዱ። የእኔዎቹ ቀሩ። ማታ ስደውል አባቴ፣ "ነገ አሉን" አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ግን ቅሬታ የለም። በሁለተኛው ቀንም "ነገ"። በሦስተኛው ቀን ጠየቅኩት፤

"ዛሬስ ምን አሏችሁ?"

"ዛሬ አልሄድንም።"

"ለምን?"

"ሙቀት ነበር።"

ከኋላ የእናቴ ሳቅ ይሰማል፤ የባጃጅ ጥሩምባም ይሰማል። ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ዛፎች ሥር ተቀምጠው የሎሚ ጭማቂ እየጠጡ ነው። ከሠርጋቸው ጀምሮ ሁለቱ ብቻቸውን አንድ ቀን እንኳን የትም ሄደው እንደማያውቁ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እኔ እዚህ የሽሮውን አሠራር ከጎረቤት እየተማርኩ ስለነበር ትንሽ ተናድጃለሁ፤ አልዋሽም።

በስድስተኛው ቀን መጡ። ቦሌ መውጫው ላይ ቆሜ የወጡትን ሰዎች ሁሉ አይቼ ጨርሼ፣ "ዛሬም ቀሩ" ብዬ ልሄድ ስል አንድ ባለ አበባ ሸሚዝ፣ ባለ ነጠላ ጫማ ሽማግሌ ትከሻዬን ነካኝ። አባቴ ነው። ክራቫቱ የት እንደገባ እስካሁን አልታወቀም። እናቴ ፊቷ ጠቁሮና ወዟ ተመልሶ፣ አንድ ካርቶን ሐላዋ፣ የድሬዳዋን ጣፋጭ፣ በሁለት እጇ አቅፋ ከኋላው ትመጣለች። የየካን ዳገት ስንወጣ ሁለቱም "ምን ዓይነት ብርድ ነው ይሄ!" እያሉ እንደ እንግዳ ተማረሩ።

ለሰፈር ሰው ጠበሉን፣ ለጴንጤዋ ጎረቤታችን ሐላዋውን አከፋፍለው ጨረሱ። ከገና በኋላ አንድ እሑድ ቁርስ ላይ እናቴ ሻይዋን እያማሰለች ድንገት፣ "እኔ የምለው፣ ሰው የማይሄደው ወዴት ነው?" አለች።

"እንዴት?"

"ሰው በሚሄድበት ጊዜ፣ ሰው ወደሚሄድበት ስለሄድን እኮ ነው የተንገላታነው። በዓል የሌለበት፣ ስለት የሌለበት፣ አውሮፕላኑ ባዶ የሚሆንበት ወዴት ነው?"

ስልኬን ከፍቼ አየሁ። "ጎዴ ክፍት ነው" አልኩ።

"ጎዴ ምን አለ?" አለ አባቴ።

"ወንበር አለ" አለች እናቴ።

በጥር መጨረሻ ሄዱ። አምስት ቀን ቆይተው፣ ዋቢ ሸበሌን አይተው፣ የግመል ወተት ጠጥተው መጡ። አባቴ ወተቱ ለሆዱ እንዳልተስማማው ለማንም እንዳልናገር ለምኖኛል።